ቡችላውን ብቻ ሳይሆን እናቱንም አሳዩኝ በሉ

«ስንት ጊዜ ወልዳለች?» አለኝ ሐኪሙ።

ውሻዬ ቤላ ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች። ሆዷ ተነፍቷል። ዓይኗን ለመግለጥ እንኳ አቅም የላትም። አምስት ጊዜ አልኩት። ዕድሜዋስ? አራት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ይቀራታል። ሐኪሙ ምንም አልተናገረኝም። ጓንቱን እያጠለቀ ዝም ብሎ አየኝ።

እኔ እኮ ሆዷ ሲነፋ አረገዘች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ለስድስተኛው ወሊድ ቀብድ የከፈለ ሰው ሁሉ ነበረኝ። ውኃ አብዝታ መጠጣቷን፣ ምግብ መተዋን፣ ከኋላዋ የሚወርደውን ፈሳሽ አይቻለሁ፤ ግን የርግዝና ነገር ነው ብዬ አለፍኩት። ማህፀኗ መግል ሞልቶ ነበር።

ይህን የምጽፈው ውሻ ለምትገዙ፣ ውሻ ለምታራቡ፣ ውሻችሁን ለሌላ ሰው ለመስጠት ለተቸገራችሁም ነው። ሦስቱንም አድርጌያለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያደረግኩት በጣም በመጥፎ መንገድ ነው፣ የተጎዱትም መናገር የማይችሉ ናቸው።

ነገሩ የጀመረው በ2009 ዓ.ም. ነው። ሳሪስ ያለው ግቢያችን ሌባ ገብቶ የእናቴን ዕቃ ቤት ባዶ አድርጎት ሄደ። በሳምንቱ ሁለት ወር የሆናት ጀርመን ሼፐርድ ገዛሁ። ከዚያ በፊት የነበሩን ውሾች ሁሉ የአበሻ ውሾች ናቸው፤ ሰፈር ውስጥ ተወልደው፣ የቤቱን ትራፊ በልተው፣ ግቢ ጠብቀው የሚኖሩ። ቤላ ግን «የፈረንጅ ውሻ» ነበረች። አላፊ አግዳሚው በር ላይ ቆሞ ያያታል፣ ዋጋዋን ይጠይቃል፣ ከዚያ «ስትወልድ አንድ ታስቀምጥልኛለህ» ይለኛል። አሥር ወር ሳይሞላት አራት ሰው ተመዝግቦ ነበር።

የመጀመሪያ ደሟን እንዳየች አስጠቃኋት። ወንዱን ያገናኘኝ ደላላ ነው፤ የወንዱ ባለቤት ገንዘብ አልተቀበለም፣ ከሚወለዱት አንዱን መርጦ ሊወስድ ተስማማን። ገና ልጅ ናት ያለኝ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። አሥር ወር ላይ ያለች ውሻ የራሷ አጥንት ገና እያደገ ነው። ጀርመን ሼፐርድ ደግሞ በዘር የሚተላለፍ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ይበዛበታል፤ ዳሌዋ ደኅና መሆኑን በራጅ አይቶ እርግጠኛ ለመሆን ሁለት ዓመት እስኪሞላት መጠበቅ ይሻላል። ሁለት ዓመት ሲሞላት ቤላ ሦስተኛውን ልትወልድ ነበር።

በ63ኛው ቀን ስምንት ቡችሎች ወለደች። ሌሊቱን ሙሉ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አደርኩ። እያንዳንዱን ስትልስ ቀና ብላ ታየኝ ነበር። ያን ሌሊት ከልቤ ወደድኳት፣ ይህ እውነት ነው። ውሻን መውደድና ውሻን በአግባቡ መያዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው የገባኝ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ቡችሎቹን በ35 ቀናቸው መሸጥ ጀመርኩ። ደላላው «ጥርስ ካወጣ ይበላል፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለኝ። ስምንት ቡችላ ወተትና ገንፎ ይጨርሳል፣ ግቢው ይሸታል፣ እናቴም ተማረረች። አንዱን በ6 ሺህ ብር ሸጥኩ። በአንድ ወር ውስጥ ከደመወዜ ብዙ እጥፍ አገኘሁ፣ ከዚያ በኋላ ማንም የሚለኝን የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፤ ምክንያቱም አምስት ሳምንት ላይ መሸጥ በአዲስ አበባ የተለመደ ነገር ነው። ቦሌ አካባቢ መኪና ሲቆም በመስኮት የሚያሳዩዋችሁን ቡችሎች አስቡ፤ በእጅ መዳፍ ላይ የሚያርፉትን። እነዚያ ገና ጡት ያልጣሉ ናቸው። ቡችላ ቢያንስ ስምንት ሳምንት ከእናቱና ከወንድም እህቶቹ ጋር መቆየት አለበት። ወንድሙን ጠንከር አድርጎ ሲነክሰው ይጮህበታል፣ ጨዋታው ይቆማል፣ በዚህ መንከስ ልክ እንዳለው ይማራል። ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስት ወር ገደማ ያለው ጊዜ ደግሞ ዓለምን የሚለምድበት ነው፤ ሕፃን፣ መኪና፣ ዣንጥላ፣ እንግዳ ሰው። ያን ጊዜ ጨለማ ቤት ውስጥ ታስሮ ካሳለፈ ሲያድግ ሁሉን ነገር ይፈራል። ብዙ ሰው ቀን ቀን ዘግቶ ሌሊት የሚፈታው «ክፉ እንዲሆን» ብሎ ነው። ክፉ አይሆንም፣ ፈሪ ነው የሚሆነው፤ ፈሪ ውሻ ደግሞ ሌባውን ከቤተሰቡ ልጅ ሳይለይ ይነክሳል።

ሦስተኛው ወሊድ የካቲት 2011 ላይ ነበር። ዘጠኝ ቡችሎች ነበሩ። አንዱን ወይዘሮ መጥተው ለልጃቸው ልደት ገዙት። በሁለተኛው ቀን ግቢ ካሉት አንዱ አስመለሰው፣ ማታ ላይ ደም ያለበት ተቅማጥ ጀመረው። ሽታው ከአፍንጫ አይወጣም። ፓርቮ ነው። ግሉኮስ ተከልን፣ ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ ውኃና ጨው ስኳር በመርፌ ቱቦ አፋቸው ውስጥ ጠብ አደረግን። ከስምንቱ አምስቱ ሞቱ። ወይዘሮዋ ደወሉ። ከጀርባ ልጅቷ ስታለቅስ ይሰማኛል። «የታመመ ውሻ ነው እንዴ የሸጥክልኝ?» አሉኝ። እኔም እኮ አላወቅሁም እትዬ፣ አልኩ። ገንዘቡን መለስኩ። ግን አለማወቄ ትክክለኛ መልስ አልነበረም። ማወቅ ነበረብኝ፤ ሻጩ እኔ ነኝ።

ስለ ፓርቮ የተማርኩትን ልንገራችሁ፣ ብዙ ቡችላ የሚያልቀው በዚህ ነው። ቫይረሱ በዓይነ ምድር ይተላለፋል። አፈር ውስጥ ለወራት፣ እስከ ዓመት ድረስ ሳይሞት ይቆያል። በጫማችሁ ይገባል። ተራ ሳሙናና ዴቶል አይገድሉትም፤ በረኪና ይገድለዋል፣ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውኃ በጥብጣችሁ፣ መጀመሪያ ቆሻሻውን አጥባችሁ፣ ሲሚንቶው ላይ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ታቆዩታላችሁ። አፈር ላይ ግን አይሠራም። ስለዚህ ቡችላ የሞተበት ግቢ ውስጥ ወዲያው ሌላ ያልተከተበ ቡችላ አታስገቡ።

ክትባቱን በተመለከተ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «አንድ ጊዜ ተከትቧል» ይሏችኋል። ቡችላ ከእናቱ ወተት የሚያገኘው መከላከያ ለጥቂት ሳምንታት ይጠብቀዋል፣ ያው መከላከያ ግን ክትባቱንም እንዳይሠራ ያደርገዋል። መቼ እንደሚያልቅ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። ለዚህ ነው ከስድስት ወይም ከስምንት ሳምንት ጀምሮ በየሦስት አራት ሳምንቱ እስከ 16ኛው ሳምንት መደጋገም የሚያስፈልገው። አንዱ መርፌ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ ለብቻው ነው፣ ሦስት ወር ሲሞላው ይሰጣል፣ ሐኪሙ በሚላችሁ ጊዜ ይደገማል።

ከዚያ ሁሉ በኋላ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። ክትባት ጀመርኩ፣ ዋጋ ጨመርኩ፣ ቀጠልኩ።

አምስተኛው ላይ ደግሞ የባሰውን አደረግሁ። ከመጀመሪያው ወሊድ ሬክስ የሚባል ወንድ አስቀርቼ ነበር። ለውጭ ወንድ አንድ ቡችላ ከምሰጥ ብዬ እናቱን በእርሱ አስጠቃኋት። ደላላው «እንዲያውም ዘሩ ይጠራል» አለኝ። ይህን አባባል ብዙ ቦታ ትሰማላችሁ። ንጹሕ ዘር ማለት የቅርብ ዘመድ ማለት አይደለም። እናትና ልጅ ሲዳቀሉ በሁለቱም ውስጥ ተደብቆ የነበረ ጉድለት ቡችላው ላይ ተገናኝቶ ይወጣል። አራት ተወለዱ። ሁለቱ ሞተው ወጡ። አንዱ ላንቃው ተሰንጥቆ ነበር፤ ጡት ሲይዝ ወተቱ በአፍንጫው ይመለስበታል። በአራተኛው ቀን ሞተ። ቤላ ወስዳ ከደረቷ ሥር አስገባችው፣ ልወስድባት ስል አጉረመረመችብኝ። በሕይወቷ ያን ጊዜ ብቻ ነው ያጉረመረመችብኝ።

ስለ መልክ አንድ ነገር ልጨምር። ገዢዎች ሲመጡ የሚያዩት ጆሮው መቆሙንና ጀርባው ወደ ኋላ መዝቀጡን ነው። «ዘቅዘቅ ካላለ ክልስ ነው» ይላሉ። እኔም እንዲህ ብዬ ሸጫለሁ። ጀርመን ሼፐርድ ግን ሲጀመር የእረኛ ውሻ ነው። በ1899 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ የሚባል ጀርመናዊ የፈረሰኛ ጦር መኮንን ሆራንድ የሚባለውን ውሻ ገዝቶ የዘሩን ማኅበር ሲያቋቁም የፈለገው ቀኑን ሙሉ በግ ሲከተል የሚውል ጠንካራ ሠራተኛ ነበር። የድሮ ፎቶዎቹን ብታዩ ጀርባቸው ከዛሬዎቹ በጣም የቀና ነው። መዝቀጡ የበዛው በኋላ፣ ለውድድርና ለሽልማት ሲባል እየተመረጠ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 እንግሊዝ አገር ክራፍትስ በሚባለው ትልቅ የውሻ ውድድር ላይ አንዲት ጀርመን ሼፐርድ ከዘሯ አንደኛ ወጥታ፣ ስትራመድ የኋላ እግሯን ያየ ተመልካች በጣም ተቆጥቶ ነበር። እኛ እዚህ ውድድሩን ሳናየው የውድድሩን መመዘኛ ተቀብለናል። ዘቅዛቃነት የጥራት ማረጋገጫ አይደለም። ውሻው ሲነሣ፣ ሲሮጥ፣ ደረጃ ሲወጣ እዩት።

ወደ ቤላ ልመለስ። ያን ቀን ማህፀኗን አውጥተው አተረፏት። ሐኪሙ በወሊድ ብዛት ነው አላለኝም፤ ያልመከነች ማንኛዋም ሴት ውሻ ደም ካየች ከአንድ ሁለት ወር በኋላ ሊይዛት የሚችል በሽታ ነው። ያዳከማት ግን ማገገሚያ ያጣው ሰውነቷ ነው፤ የጎድን አጥንቷ ተቆጥሮ ያልቃል። «ካሁን በኋላ አትወልድም፣ አሁን የምትፈልጋት ከሆነ ውሰዳት» አለኝ። ቃሉ ከበደኝ። ሰዎች መውለድ ያቆመችውን ሲተዉ አይቶ ኖሯል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ነው የሸጥኳቸውን መፈለግ የጀመርኩት። ከግቢዬ 26 ውሾች ወጥተዋል። የ11ዱን መጨረሻ አወቅሁ። አራቱ ደኅና ናቸው። ሦስቱ ሞተዋል፣ በመኪናና በመርዝ። ሁለቱ ባለቤቶቻቸው አንዱ አሜሪካ፣ አንዱ ኮንዶሚኒየም ሲገቡ ሜዳ ቀርተዋል። ሁለቱ በሰንሰለት ላይ ነበሩ። ከሁለቱ አንዱ ሬክስ ነው።

ሬክስን የሸጥኩት ለአንድ መጋዘን ነበር። ስደርስ ቆርቆሮ ሥር ታስሯል። ሰንሰለቱ አንገቱን በልቶ ቁስሉ ውስጥ ገብቷል። ዘበኛው «ሠራተኛ ነክሷል፣ ሊያስወግዱት ነው» አለኝ። ሠራተኛው ቁስሉን ሳይታጠብ ውሎ ኖሯል። እባካችሁ ይህን ያዙ፤ ውሻ ከነከሳችሁ መጀመሪያ በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡት፣ ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱና ስለ እብድ ውሻ ክትባት ጠይቁ። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ደግነቱ ሰውየው ጤና ጣቢያ ሄዶ መርፌውን ጀምሮ ነበር። ሬክስን አሥር ቀን ለብቻው አቆይተን አየነው፤ ደኅና ነበር። ከዚያ ገንዘቡን መልሼ ይዤው መጣሁ።

ሬክስ አዲስ ቤት እስኪያገኝ ስምንት ወር ፈጀ። መጀመሪያ ቁስሉን አከምን፣ አኮላሸነው፣ ከተብነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከጥግ አልወጣም። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ቁጭ እያልኩ መጽሐፍ አነብ ነበር። አላናገርኩትም፣ አልነካሁትም። በሦስተኛው ሳምንት መጥቶ ክርኔን አሸተተኝ። ሲነሣ የኋላ እግሩ ይንቀጠቀጣል፤ ራጅ ተነሥቶ የዳሌው መገጣጠሚያ በደንብ እንዳልገጠመ ታወቀ። ይህም የእኔ ሥራ ነው፣ እናቱን ሳላስመረምር አስጠቅቼ።

ውሻችሁን መስጠት ካለባችሁ፣ አሁን የምለው ከዚህ የመጣ ነው። ቪዛ ሲመጣ፣ ቤት ሲቀየር፣ ሰፈር ሲፈርስ የሚቸኩለው ሰው ውሻውን ለዘበኛ ትቶ ይሄዳል። ዘበኛው ደመወዙ ሲቋረጥ እርሱም ይሄዳል። ስለዚህ ፓስፖርት ስታወጡ ፍለጋውን ጀምሩ፣ በመጨረሻው ሳምንት አይደለም። የውሻውን እውነት ተናገሩ። ነክሶ ከሆነ ነክሷል በሉ፤ ደብቃችሁ ብትሰጡት በሁለተኛው ቀን ይመለሳል ወይም ይገደላል። ሰውየው ቤት ራሳችሁ ሂዱ። የት እንደሚያድር፣ ዝናብ ሲዘንብ የት እንደሚገባ፣ ቀን ይታሰር እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ሕፃን መኖሩን እዩ። እንዳይራባ ሳይመክን አትስጡ። ደግሞ «ካልሆነ መልሱልኝ» በሉ፣ ከልባችሁም ይሁን። እኔ በወረቀት አስፈርማለሁ፤ ወረቀቱ ፍርድ ቤት ባያቆምም ሰው የፈረመበትን ነገር ያስታውሳል። ለሬክስ ከመጡት ሦስት ሰዎች አንዱ ለሥጋ መሸጫ ጥበቃ ፈልጎ ነበር፣ ሌላው እንደ ወንድ ማስጠቂያ ሊያደርገው ነበርና ተኮላሽቷል ስለው ተመለሰ። እምቢ ማለት ይከብዳል፣ በተለይ ግቢው ሞልቶ እያለ። ግን እምቢ በሉ።

ለምትገዙ ሰዎች ደግሞ ከሁሉ በፊት የምለው አንድ ነው፤ እናቱን አሳዩኝ በሉ። መንገድ ላይ አትግዙ፣ አሳዘነኝ ብላችሁም አትግዙ፤ ያን በገዛችሁ ማግሥት ቦታውን የሚሞላ ሌላ ይመጣል። የተወለደበት ቤት ሂዱ። እናቲቱ ጡት ታጠባለች? ቡችሎቹ ወደ እርሷ ይሮጣሉ? ጎኗን ዳብሱ፣ ሰው ስታይ ትሸማቀቃለች? ስንተኛ ወሊዷ ነው? መጨረሻ የወለደችው መቼ ነው? አባትየው ምኗ ነው? ሻጩ «እናቱ ክፍለ ሀገር ናት» ካለ ተነሡና ውጡ። ብሪታንያ ውስጥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ዌልስ ካለ አንድ ማራቢያ የወጣች ሉሲ የምትባል ትንሽ ውሻ ነበረች፤ ቀፎ ውስጥ ተዘግታ እየወለደች በመክረሟ አከርካሪዋ ጎብጦ ዳሌዋም ተበላሽቶ። ከ2020 ጀምሮ በእርሷ ስም የሚጠራ ሕግ አለ፤ በእንግሊዝ ቡችላ የሚሸጥ ነጋዴ ራሱ ያራባው መሆን አለበት፣ ቡችላውንም በተወለደበት ቦታ ከእናቱ ጋር ማሳየት ግዴታው ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን ስለ ራሴ ግቢ አሰብኩ። ከ26ቱ ገዢና ወሳጅ መካከል ቤላን ለማየት የጠየቀ አልነበረም። ብዙ ጊዜ ከኋላ ዘግቼባት ነው የምሸጠው፤ ክሳቷን እንዳያዩ።

ለምታራቡ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ አትፍረዱብኝ፣ እኔም አልፈርድባችሁም። ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላት አታስጠቁ፣ ዳሌዋን አስመርምሩ፣ በወሊድና በወሊድ መካከል ከዓመት በላይ አሳርፏት፣ ሁለት ሦስት ከወለደች ይብቃት። ይህን አድርጋችሁ ትርፉን ስትቆጥሩ ብዙም አይተርፋችሁም። የእኔ ትርፍ የመጣው ከቤላ አጥንት እንደነበር ያወቅሁት ይህን ሒሳብ ስሠራ ነው። ውሻ ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ በየሰፈሩ የሚወለዱት የአበሻ ውሾች አሉ። ሲከተቡ፣ ሲመክኑና በልተው ሲያድሩ ከማንም የማያንሱ ጠባቂዎች ናቸው።

ሬክስን በመጨረሻ የወሰዱት ሰበታ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ሦስት ጊዜ መጡ። ሁለት ጊዜ ከእርሱ ጋር ቁጭ ብለው ተመለሱ። በሦስተኛው ገመዱን ስሰጣቸው አልተቀበሉኝም፤ «እናቱ ናት አይደል እዚያ ያለችው?» አሉኝ።

አዎ ጋሼ፣ አልኳቸው።

ቤላ ፀሐይ ላይ ተኝታ ነበር፣ አፏ ዙሪያ ሸብቷል። ሄደው አጠገቧ ቁጢጥ አሉ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭንቅላቷን ደባበሷት። ከዚያ መጥተው ገመዱን ተቀበሉኝ።